የግራ እጅ ሞረድ

ፌራራ በጥር ወር ጡቧ ሁሉ ያልባል፤
ጉሙ ከፖ ወንዝ ላይ ተነስቶ ይገባል፣
በር ሳያንኳኳ፣ እንደ ቅርብ ዘመድ።
እዚያ ጉም ውስጥ ነበር፣ ከገበያው መንገድ፣
የሟች ዕቃ ሻጩ ግድግዳ አስደግፎ
ያቆመው፤ ካልጋ እግር፣ ከጣሳ ተቃቅፎ፦
ቸርኬ የለው፣ ጎማ የለው፣ መሪ የለው፣
አጽም ብቻ ነው፤ የአጥር ቀለም የለበሰው።

"አርባ ዩሮ" አለኝ። "ሠላሳ" አልኩት እኔ፤
ፎርኬታው ላይ ሲያርፍ ግን ደነገጠ ዐይኔ፦
ለፍሬን ማሰሪያ የሚሆን ቀዳዳ የለውም፣
የኋላው ጎማ ቤት ወደ ኋላ ተከፍቷል፣ ማርሽም አያውቅም።
ለመንገድ አይደለም፣ ዳቦ ለመግዛት፤
ለቬሎድሮም ነው፣ ለዘንባላው እንጨት፣
በግድግዳ ጎን ተጋድሞ ለሚከንፍ ሰው፣
መሮጥ እንጂ መቆም ማንም ላላስተማረው።
አርባውን ከፈልኩ።

ሦስት ቀን ቀለሙን በመድኃኒት ላጥኩት፣
እንደ ቀይ ሽንኩርት እያለቀስኩበት፦
ከአረንጓዴው ሥር ቀይ፣ ከቀዩ ሥር ቢጫ፣
ከቢጫው ሥር ብረት። ይኸው ነው፤ ብረት ብቻ።
ግንባሩ ላይ ዓርማው ተመትቶ በነበረበት ቦታ
ሁለት የምስማር ቀዳዳ፤ የወለቀ ጥርስ ዝምታ።
ከሆዱ ሥር ቁጥር አለ፦ አርባ ሰባት።
አርባ ሰባት ምን? ቁመት? ተራ? ዓመት?

ኦሬስቴ ጓራልዲ፣ የቀድሞው ሰዓት ሠሪ፣
በካሊፐር ለካው (ሰውየው ዓሣም ሲገዛ በካሊፐር ነው)፤
በቱቦዎቹ መጋጠሚያ ላይ በተቀረጸው ቅጠል ምሎ
"ቦሎኛ ነው!" አለ። ኢቫኖ ሳይለካ፣ ሳይነካ፣ ከወንበሩ ዘሎ
"ሚላን!"
ወይኑ እየጎደለ፣ ክርክሩ ሲነድ፣
ብረቴ ባንድ ምሳ ሁለት ከተማ ላይ ሲወለድ
ዝም አልኩ።
(እኔንም ማዘጋጃ ቤቱ በሦስት ዓይነት ፊደል
ጽፎኛል፤ በሦስቱም ስጠራ "አቤት" እላለሁ።)

"ኒቬስ ዘንድ ውሰደው" ያለኝ ቀለም ሻጩ ነው።
ሰማንያ ስምንት ዓመቷ፤ ቤቷ ምድር ቤት ነው፤
ከወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ጋር ሞርሳ ታስሯል፣
ሞርሳው ላይ የደረቀ የዳቦ ፍርፋሪ አለ።
"ፎርኬታው"፣ "ኩሽኔታው"፣ "ካቴናው" ስላት
ሳቋ አመለጣት።
"ማን አስተማረህ?"
ማንም። አማርኛ መስለውኝ ነው ያደግሁት፤
ከጋራዥ ደጃፍ ከዘይቱ ጋር የለቀምኳቸው ቃላት
ሠሪ እንዳላቸው ጠይቄ አላውቅም።

መነጽር አልፈለገችም። ዐይኗን ጨፈነች፣
መጋጠሚያውን እንደ ሕፃን ጆሮ ዳሰሰች፣
አንድ ቦታ ላይ አውራ ጣቷ ቆመ።
"እዚህ ጋ ሞረዱ ስቷል። ቀኝ እጅ ቢሆን
በወዲያ በኩል ነበር የሚስተው።"

አባቷ ይቆርጥ፣ ወንድሟ ኤልቪዮ ይበይድ ነበር፤
እሷ በአሥራ አምስት ዓመቷ ትሞርድ ነበር፣
በግራ እጇ፤ መነኩሲቶቹ ትምህርት ቤት
በማስመሪያ በሚመቱት።
ቅዳሜ ማታ ጭነት መኪናው ይመጣል፣
ስም የሌላቸውን ብረቶች ጭኖ ይሄዳል፣
ሰኞ፣ ሌላ ከተማ ላይ፣ ስም ይለጠፍባቸዋል።
"የማን ስም?"
"የከፈለው።
አንድ ሰሞን የቦሎኛው ከፈለ፤ አንድ ሰሞን የሚላኑ።"

"አርባ ሰባቱስ?"
"እንጃ። ኤልቪዮ ቁጥር መምታት ይወድ ነበር፣
በተለይ ሲሰክር።"

"ስምሽን ልጻፍበት?" ስላት
እጇን ከብረቱ አንስታ ጉያዋ ከተተች።
"ስትቀባው ጭረቷን እንዳትደፍናት ብቻ።
ያኔ አባቴ ቢያያት በጥፊ ነበር የሚለኝ።"

ትከሻዬ ላይ ጥዬው ወጣሁ። ቀላል ነው፣
ከአንድ ድመት አይከብድም።
ጉሙ መብራቶቹን አንድ ባንድ ይውጣል፤
እኔ እስከ ቤቴ ድረስ አውራ ጣቴን
ከዚያች ጭረት ላይ አላነሳሁም፤
የቀኝ ስለሆነ በደንብ አልገጠመም።